ፍተሻው በልብስ አይሁን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በሰፈራችን መናፈሻ ፖሊስ እንዲመደብ ከጠየቁት አንዷ ነኝ። ሲመሻሽ ቦርሳ ይነጠቅ ነበር፤ አሁን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ያለ ስጋት ይቀመጣሉ። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን ከእግሩ ሥር አኑሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦ ይበላል። ሁለት ፖሊሶች መታወቂያ ጠየቁት፤ ሳጥኑንም ገልብጠው ፈተሹት። የቀለም ቆርቆሮው ተንከባልሎ እኔ አጠገብ ቆመ። «ዐረፍ ብዬ ነው» ቢልም «ተነሥ» ተባለ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች «ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ ያያቸው እንኳ አልነበረም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ይህ መናፈሻ ውስጥም ይሠራል! ፖሊስ ይውጣልን አላልኩም፤ ይቆይልን። ነገር ግን ሰው የሚፈተሸው በሠራው እንጂ በለበሰው አይሁን፤ ደንቡ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቅሬታ የሚቀበል ኃላፊም ይመደብ። ልጁን ከዚያ ቀን ወዲህ መናፈሻው ውስጥ አላየሁትም።

አንዲት ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ