ደሴ ዳመነ ወይ ብለህ ደውል

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። በስልክ ስቆጣ ስለምትስቅብኝ ነው የጻፍኩልህ።

አክስትህ ትናንት ማታ ደወለች። አጎበሯን አውርደህ ቦርከና ውስጥ ዓሣ ስታጠምድበት ጎረቤት አይቶህ ነገራት። መስኮቱ ላይም ዓሣ ያለበት ሃይላንድ ደርድረሃል አለች። የአጎበሩን እሷው ትናገርህ። የእኔ አንድ ነው፤ ደሴ ከዳመነ ወንዝ አትግባ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር ልትለኝ ነው። የኮምቦልቻን ሰማይ ማን ጠየቀህ? ቦርከና ከእኛ ዘንድ ነው የሚወርደው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ ጦሳ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ፣ ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና ተንደርድሮ ነው የሚደርስህ። አንተ እዚያ ፀሐይ እየሞቅክ።

ስለ ዓሦቹ ግን አልቆጣህም። እንዲያውም ባዮሎጂ አስተማሪው ጎረቤታችን ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ጣት የምታክል፣ አፏ ከሥር የሆነ፣ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ስለው፣ “ጋራ ናት” አለኝ። የምን ጋራ፣ ዓሣ ነው የጠየቅኩህ አልኩት! ለካ ስሙ ከህንድ የመጣ ነው፤ በ1822 እ.ኤ.አ. የጋንጀስን ዓሦች የመዘገበ ሐኪም ያወጣው። ታችኛው ከንፈሯ ክብ ሆኖ ድንጋዩን ይይዛል። የደረቷን ክንፎች ግራና ቀኝ ትዘረጋለች። ውኃው በላይዋ ይጋልባል፣ እሷ እቴ፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን አልጌ እየፋቀች ትበላለች። አንጀቷም እንደ ከብት ረጅምና ጥምዝምዝ ነው አለኝ። የሚሮጥ ውኃ የለመደች ናት፤ ሃይላንድ ውስጥ አየር ያጥራታል። ሰፊ ሳፋ ላይ ገልብጣቸው።

አጎትህ ግራ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቀዋለህ። ከብስክሌት ወድቆ ነው ብለን ነው ያሳደግንህ። አይደለም። እኔ 13፣ እሱ 9 ዓመታችን ነበር። ያኔ እዚያው ኮምቦልቻ ነበርን። ነሐሴ ነው። አያትህ ምንጣፍ እንድናጥብ ቦርከና ሰደዱን። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ቅጠልና ጭራሮ መጣ። ከዚያ ውኃው አፈር አፈር ሸተተ። ከዚያ ድምፁ። እኔ ምንጣፉን ይዤ ሮጥኩ። ወንድሜን ሳይሆን ምንጣፉን።

ዳር ወጥቼ ዞር ስል፣ አንድ ቋጥኝ በሁለት ክንዱ አቅፎ ተለጥፏል። አልጮኸም። ሰዎች ጋቢና መቀነት ቋጥረው ጎትተው አወጡት። ክንዱን ድንጋዩ ልጦታል። ቤት ስንገባ “እኔ ነኝ ያወጣሁት” አልኩ። አያትህ ዶሮ አሳረዱልኝ። እሱም ከዶሮው በላ፣ ምንም አልተናገረም። ይኸው ጅዳ ሆኖ ሲደውል እንኳ ያን ቀን አንስቶት አያውቅም። ዛሬ ልደውልለት ስልኩን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

ምን እያልኩ ነበር? ወንዝ አትግባ፣ ደሴ ከዳመነ። ከፋብሪካዎቹ በታች ያለውን ውኃ ደግሞ ቢጠራም አትንካ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። በሚኒባሱ ሹፌር 500 ብር ልኬያለሁ፤ ለአክስትህ አዲስ አጎበር ግዛ፣ እዚያ ወባ አለ። ዳቦ ቆሎው ከእናትህ ነው፤ ለብቻህ እንዳትጨርሰው።

ትንሽ ሳለህ ስንት እሁድ ወንዝ እወስድሃለሁ ብዬ ሱቁን ሳልዘጋ ቀረሁ። እሱንም አውቃለሁ።

ደብዳቤው እንደደረሰህ ዓሦቹን ካወጣህበት ቦታ መልሳቸው። ቆይ፣ እንደደረሰህ አይደለም። አሁን መስኮቱን ስከፍተው ጦሳ አይታይም። ይንጋ። ነገም ከመውጣትህ በፊት ደውል፤ ደጅ ወጥቼ አይቼ እነግርሃለሁ።

አባትህ