ለደንበኞቻችን፦ የማሳቹሴትስ የባሕር ዕቅድ ሲከለስ ዓሣችሁን ምን ይነካዋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ሱቃችን የሚመጣ ሰው ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀን ባሕር ላይ ስለሚተከሉት መብራት አመንጪ የነፋስ ተርባይኖችና ግዛቱ ስለሚከልሰው የባሕር ዕቅድ ሆኗል። «ባሕሩን ሊከፋፍሉት ነው አሉ»፣ «ከእንግዲህ የዚህ አገር ዓሣ አይገኝም አሉ»፣ «ዋጋ የጨመራችሁት ለዚህ ነው?» ቅዳሜ ወረፋው በር ድረስ በሚደርስበት ሰዓት ለእያንዳንዱ ሰው ቆሞ ማስረዳት ስላልቻልን፣ የምናውቀውን በዚህ ደብዳቤ ጽፈናል።

ከዋጋው እንጀምር። የዕቅዱ ክለሳ የዛሬውን ዋጋ አልነካውም። የኮድና የሃዶክ ዓሣ ዋጋ በጨረታ የሚቆረጥ ሲሆን፣ ጨረታውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የአየሩ ጠባይ፣ ነዳጅና ኮታ (እንዲጠመድ የሚፈቀደው መጠን) ናቸው። የኮታውን ነገር የሚይዘው ሌላ አካል ነው፤ የኒው ኢንግላንድ የዓሣ ሀብት አስተዳደር ምክር ቤት ይባላል፣ የሚሠራውም በፌዴራል ሕግ ነው። የሜይን ባሕረ ሰላጤ ኮድ ለብዙ ዓመታት ከልክ በላይ ተጠምዶ ስለተመናመነ ኮታው ክፉኛ ተቆርጧል። ኮድ ስትሉን ብዙ ጊዜ የአይስላንድ ወይም የኖርዌይ የምንሰጣችሁ በዚህ የተነሳ ነው።

ወደ ዕቅዱ እንምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2008 ገዥው ዴቫል ፓትሪክ የፈረሙት የውቅያኖስ ሕግ፣ ግዛቱ ባሕሩን በአንድ ሰነድና በአንድ ካርታ እንዲያስተዳድር አዘዘ። ያኔ በናንተኬት ሳውንድ (ከኬፕ ኮድ በስተደቡብ ባለው ባሕር) 130 ተርባይን ሊተክል የነበረው ኬፕ ዊንድ የሚባለው ፕሮጀክት አገሩን ለሁለት ከፍሎ ያጨቃጭቅ ነበር። ፕሮጀክቱ በ2017 ተትቶ ቀረ፤ ሕጉ ግን ሥራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ በ2009 መጨረሻ ወጣ፣ በ2015 ተከለሰ፣ አሁን የሚሠራበት ደግሞ የ2021ዱ ነው። ሕጉ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይከለስ ስለሚል ተራው ደርሷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቅዱ እስከ የት እንደሚያዝ ባለማወቅ ነው። የግዛቱ ባሕር ከዳርቻው 3 የባሕር ማይል፣ ማለትም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ግድም ሄዶ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የፌዴራሉ ነው። ዕቅዱ ደግሞ የሚጀምረው ከዳርቻው 0.3 የባሕር ማይል ርቆ ነው። በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው የቪንያርድ ዊንድ 62 ተርባይኖች የሚገኙት ከማርታስ ቪንያርድ ደሴት በስተደቡብ፣ ከ3 ማይሉ መስመር በጣም ርቀው ነው። ስለዚህ «ግዛቱ ተርባይን እንዲተከል ፈቀደ፣ ዕቅዱ ነው ያመጣው» የሚባለው ልክ አይደለም። ግዛቱ ዝም ብሎ ይመለከታል ማለትም አይደለም፤ በ1972 በወጣው የፌዴራል የጠረፍ አስተዳደር ሕግ መሠረት፣ ፌዴራሉ የሚፈቅደው ሥራ የግዛቱን ጠረፍ የሚነካ ከሆነ ከግዛቱ ደንብ ጋር መስማማቱ ይታያል።

መብራቱ ግን ወደ የብስ መምጣት አለበት፣ የሚመጣውም በኬብል ነው። የቪንያርድ ዊንድ ኬብል በመስኪጌት መተላለፊያ አልፎ፣ ናንተኬት ሳውንድን ሰንጥቆ፣ ባርንስተብል ከተማ ውስጥ ኮቨልስ ቢች በሚባለው ዳርቻ ላይ ይወጣል። ይህ መንገድ በአብዛኛው በግዛቱ ባሕር ውስጥ ስለሆነ ዕቅዱ በደንብ ይመለከተዋል። ካርታውን ከፍታችሁ ብታዩት ለብቻ ተከልለው የተመለከቱ ቦታዎች አሉ፦ የባሕር ሣር የበቀለበት፣ ወለሉ ድንጋያማ የሆነበት፣ ዓሣ ነባሪዎች የሚያዘወትሩት፣ ብርቅ ወፎች የሚመገቡበት። እነዚህን ቦታዎች መንካት የፈለገ ባለሀብት፣ ከዚህ ያነሰ ጉዳት የሚያደርስ ሌላ አዋጭ መንገድ እንደሌለው የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ ይወድቃል። ድንጋያማው ወለል ለእኛ ለዓሣ ነጋዴዎች ትልቅ ነገር ነው። ጫጩት ኮድ ከሚበላው ዓሣ የሚሸሸገው እዚያ ነው፤ ኬብልም በአሸዋ ውስጥ እንደሚቀበረው እዚያ በቀላሉ አይቀበርም። በሚገባ ካልተቀበረ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ይጫንበታል፣ ወለሉን እየጠረገ የሚጎተት መረብ ደግሞ እዚያ ላይ ይያዛል። መረቡ የተያዘበት አጥማጅ የዕለት ገቢውን ብቻ ሳይሆን መረቡንም ሊያጣ ይችላል።

ማጥመድን በተመለከተ ሕጉ ጥሩ አንቀጽ አለው። ማጥመድን የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለግዛቱ የባሕር ዓሣ ሀብት ክፍል ትቶታል፤ ሌላው የዕቅዱ ክፍል አጥማጁን የሚነካ ከሆነም የገቢ ጉዳቱ በተቻለ መጠን እንዲቀንስ ያዛል። «ዓሣ ማጥመድ ሊከለከል ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አናውቅም፣ ከዚህ ሰነድ ግን አልመጣም።

ታዲያ ለምን ይከለሳል? ካርታው ያረጃል። የሜይን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ከአብዛኛው የዓለም ውቅያኖስ በፈጠነ ሁኔታ ሞቋል፤ ዓሣውም ሙቀቱን ተከትሎ ቦታ ይቀይራል። ድሮ በብዛት ወደ ደቡብ የነበረው ብላክ ሲ ባስ የሚባለው ዓሣ ዛሬ እዚህ ሞልቷል። የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ በዓለም ላይ የቀረው ከ400 በታች ነው፤ በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ ኬፕ ኮድ ቤይ ውስጥ ተሰብስቦ ይመገባል። እሱን ለመጠበቅ የሎብስተር ወጥመዶች በዚያ ወቅት ከውሃ ይወጣሉ። (ይህ የእኛን ሰው ብዙ እንደማያስጨንቀው እናውቃለን፤ ሎብስተር ክንፍም ቅርፊትም የለውምና።) የ2015ቱ ክለሳ ባሕሩ ለሚሸረሽራቸው ዳርቻዎች አሸዋ ከየት ሊወጣ እንደሚችል የማጥናቱንም ጉዳይ አንስቷል። የአሸዋው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሳንድ ላንስ የምትባል ቀጭን ዓሣ የምትቀበረው እዚያው አሸዋ ውስጥ ነው፣ ኮዱም አንዳንድ ዓሣ ነባሪዎችም እሷን ይበላሉ።

አንድ ቅሬታ አለን። ካርታው የአጥማጁን ሥራ የሚያውቀው በአብዛኛው ከሪፖርትና ከመዝገብ ነው። ፈቃድ ያለው ጀልባ የት እንደዋለና ስንት እንደያዘ ይመዘግባል። ከሥራ ሲወጣ ባልዲውን ይዞ ኬፕ ኮድ ካናል ዳር በዘንግ ስካፕ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምደው የእኛ ልጅ ወይም የኬፕ ቬርዴ ጎረቤቱ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፤ የሚቆመውም ዕቅዱ ከሚጀምርበት መስመር ወዲህ ነው። ስካፑ ግን ክረምቱን ጥልቅ ባሕር ውስጥ አሳልፎ በጸደይ ወደ ዳር ሲመጣ ያንን መስመር አቋርጦ ነው። ወዲያ ማዶ የተቆፈረው ወዲህ ማዶ በባልዲው ይታያል። በክለሳው ይህ እንዲታሰብበት በጽሑፍ ልናቀርብ አስበናል።

እናንተም ማቅረብ ትችላላችሁ። ሥራውን የሚመራው የግዛቱ የጠረፍ አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ረቂቅ ሲወጣ የሕዝብ ስብሰባና አስተያየት የመስጫ ጊዜ ይኖራል። ረጅም ጽሑፍ አይጠበቅባችሁም፤ የት እንደምታጠምዱ፣ በየትኛው ወር፣ ምን እንደምትይዙ ከጻፋችሁ ይበቃል። እንዲያውም ከዐሥር ገጽ ምሬት ይልቅ ይህ ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ካለ ሱቅ ይምጣ፣ አብረን እንጽፋለን። ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ሥራ ቀለል ይለናል።

በሱቃችን የሚለወጠው ይህ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በእያንዳንዱ የዓሣ ትሪ ላይ ዓሣው የተጠመደበትን ባሕር በአማርኛ እንለጥፋለን። ቆሮሶ ብላችሁ የምትጠይቁን ቲላፒያ ከእርባታ የመጣና በረዶ የሆነ ነው፤ እሱንም መሸጣችንን አንተውም። ለጥብስ ግን ስካፕን ሞክሩት። መጠኑ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው፤ ጎንና ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገን እንሰጣችኋለን፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደ ሐዋሳው ጥርት ብሎ ይወጣል። ዋጋውም ከሃዶክ ያነሰ ነው። ክንፍም ቅርፊትም አለው፤ የጾሙን ነገር ግን ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኛ ሻጮች ነን።

በካርቶን የምትወስዱ ምግብ ቤቶች፣ ከኮድ ወደ ስካፕ ወይም ወደ ብላክ ሲ ባስ መቀየር የምትፈልጉ ከሆነ የሳምንቱን ትእዛዝ እስከ እሑድ ማታ አሳውቁን፤ ሁለቱንም የምንልከው ከጸደይ እስከ መኸር ባለው ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓሣ ቤቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች
ቦስተን አካባቢ