ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጁትን «በርቱ» ማለት ብቻ አይበቃም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጥብቅና ፈቃድ ፈተና በተቃረበ ቁጥር ለተፈታኞች የሚሰጠው ምክር ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ በርቱ፣ ተስፋ አትቁረጡ፣ ዓላማችሁን አስቡ ይባላሉ። ይህን በቅንነት ከሚመክሩት ጋር ጠብ የለኝም። ይሁን እንጂ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራዬ ወድቄ በሁለተኛው ያለፍሁ እንደመሆኔ፣ የጥናት ፍላጎት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከተፈታኙ ባሕርይ ሳይሆን ከአጠናኑ የተነሣ መሆኑን ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያው ዝግጅቴ የውል ሕጉን፣ ከውል ውጭ ኃላፊነትን፣ የማስረጃ ሕጉንና ሁለቱን የሥነ ሥርዓት ሕጎች ደጋግሜ አነበብሁ፤ አሰመርሁ፤ ማስታወሻዬን በአዲስ ደብተር ገለበጥሁ። ገጹን ሳየው የማውቀው ስለሚመስለኝ ብዙ እንደሠራሁ ቆጥሬ እተኛ ነበር። የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችን ግን «መጀመሪያ ንባቤን ልጨርስ» እያልሁ አቆየኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቻቸው ነበር። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞክሬአቸው ግማሹን እንኳ በትክክል መመለስ ሲያቅተኝ፣ በዚያው ሳምንት መጽሐፍ መግለጥ ጭንቅ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ራሴን በስንፍና ወቀስሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ለወራት የደከመ ሰው የድካሙን ፍሬ የሚያይበት አንድም መለኪያ ሳይኖረው ቆይቶ የመጀመሪያው መለኪያ ይህ ከሆነበት፣ ልቡ ባይከዳው ነበር የሚገርመው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንብበው ሲያበቁ ያስታወሱትን በቃላቸው እንዲጽፉ ከተደረጉት ጋር አነጻጽረዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ብልጫው የአንባቢዎቹ ሆነ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ፣ ብዙ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። የእኔም ደብተር ያታለለኝ በዚሁ መንገድ ነበር።

ሌላው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር መርሳት ነው። ከወር በፊት ያጠኑት የይርጋ፣ ማለትም መብትን በክስ የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ፣ ድንጋጌ ጨርሶ ሲጠፋ ተፈታኙ አእምሮው የማይዝ ይመስለዋል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ግን ትርጉም የለሽ የድምፅ ቅንጅቶችን በቃሉ እያጠና ራሱን በመፈተን እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት፣ መርሳት እጅግ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነና የተረሳውም ነገር ዳግም ሲጠና ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ እንደሚያዝ ያሳያል። እንግዲህ ይርጋውን የረሳው ተፈታኝ እየጀመረ ያለው ከባዶ አይደለም፤ ሁለተኛው ጥናት የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ቢለካው ራሱ ያየዋል።

በሁለተኛው ዝግጅቴ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየማለዳው 20 ጥያቄ በሰዓት ገደብ ሠራሁ። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ያው አሳፋሪ ነበር፤ ነገር ግን ገና አራት ወር የቀረው ሰው ቢሳሳት የሚያጣው ነገር የለም። የሳትሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደሳትሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍ ነበር፤ ሕጉን ባለማወቄ ነው፣ ልዩ ሁኔታውን በመዘንጋቴ ነው ወይስ ጥያቄውን በጥድፊያ በማንበቤ? ከወር በኋላ መዝገቡን ሳገላብጥ ከግማሽ የሚበልጡት የጥድፊያ ስሕተቶች ሆነው አገኘኋቸው፤ «ሕግ አይገባኝም» የሚለው ሐዘኔም በዚያው ቀን ቀለለ። የጽሑፍ ጥያቄዎችንም ጭብጡን በመለየት፣ አግባብ ያለውን ድንጋጌ በመጥቀስ፣ ከፍሬ ነገሩ ጋር በማገናዘብና በመደምደም ቅደም ተከተል መመለስ ስለማመድ፣ የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣ እንኳ የምጀምርበት አላጣሁም።

ሁሉንም ካላወቅሁ አላልፍም የሚለው እምነትም ብዙዎችን ከጠረጴዛቸው ያርቃል። ፈተናዎቹ ግን ከማንም ፍጹምነትን አይጠይቁም። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ለጥብቅና ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው፣ ከቀረቡት መልሶች ትክክለኛው የሚመረጥበት ፈተና 200 ጥያቄዎችን በ6 ሰዓት የሚያስመልስ ሲሆን፣ ከእነዚህ 25ቱ ለሙከራ የገቡና ነጥብ የማይያዝባቸው ናቸው፤ ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ይህ ፈተና አንድ ክፍሉ በሆነበት፣ ብዙ ግዛቶች በጋራ በሚጠቀሙበት የጥብቅና ፈተና የኒው ዮርክ ማለፊያ ከ400 ነጥብ 266 ነው። የስታንፎርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት የሕገ መንግሥት ምሁር ካትሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ2005 የካሊፎርኒያውን ፈተና መውደቃቸውን ያነበብሁት ከራሴ ውድቀት በኋላ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምሁር የሚጥል ፈተና ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ለፈተናው የተለየ ልምምድንም እንደሚመዝን የተረዳሁት ያኔ ነው።

ቤተሰብና ወዳጅም በየዕለቱ «አለቀ ወይ?» ከማለት ይልቅ አንድ ጥያቄ አንብበው መልሱን ቢያደምጡ የተሻለ ይረዱ ነበር፤ ሕግ ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ተፈታኝ የጎደለውን ወዲያው ያገኘዋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውጤት ሲገለጽ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትን ማነጋገር የተለመደ ነው፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ሙከራ ያለፉትንም አነጋግራችሁ፣ ከወደቁ በኋላ በአጠናናቸው ላይ ምን እንደለወጡ ብታወጡ፣ አሁን መጽሐፉን ዘግተው የተቀመጡት ተፈታኞች ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ ጠበቃ