አባዬ፣ ስለዚያ ፕሮጀክተር

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ስልክ ላይ «በአንድ ቃል ንገሪኝ፣ ያንን ውድ የፊልም ፕሮጀክተር ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ስትለኝ ዝም ያልኩት ነገሩ በአንድ ቃል ስለማያልቅ ነው። ደግሞ በስልክ ስንከራከር ሁሌም የምትረታው አንተ ነህ። በጽሑፍ ግን አታቋርጠኝም።

ከመጀመሪያው ልመንልህ፤ ዕቃው ግሩም ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሄጄ አንተ የመረጥከውን ዓይነት አየሁት። ስክሪኑ 120 ኢንች ነው፤ ወርዱ 2 ሜትር ከ66። ሁለት እጅህን ዘርግተህ ብትቆም ይተርፍሃል። መብራቱን አጠፋና አንድ የሌሊት ትዕይንት ከፈተልኝ። አንዲት ሴት ሻማ ይዛ ደረጃ ትወርዳለች። ከሻማው በቀር የሚታይ ነገር የለም። ምስሉ የት እንዳለቀ፣ ግድግዳው የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። ሰሙ ጣቷ ላይ ጠብ ሲል እኔ እጄን ሰብሰብ አደረግኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት «ተወው» የምልበት ምክንያት ፍለጋ ነበር። ስወጣ እኔም አምሮኝ ወጣሁ።

ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚያ ጨለማ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር አይረጭም፤ የሚረጨው ብርሃን ብቻ ነው። ጥቁር እንዲታይ ብርሃኑን እዚያ ቦታ ላይ ማፈን አለበት። ርካሹ አፍኖ አይጨርስም፣ ያሾልካል፤ ሌሊቱ ግራጫ ይሆንብሃል። ጄቪሲ የተባለው ኩባንያ ዲ-አይኤልኤ፣ ሶኒ ደግሞ ኤስኤክስአርዲ የሚሏቸው፣ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ምስሉን የሚሠሩት ትንንሽ ቺፖች ግን በጣም ጥቂት ነው የሚያሾልኩት። አንተ የመረጥከውም የዚያ ወገን ነው። ሌላው ዘዴ ዲኤልፒ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1987 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ከተፈለሰፈች ቺፕ የመጣ ነው። በዓይን የማይታዩ እልፍ መስታወቶች ይገለባበጡበታል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ጥቁር ላይ ግን ይሸነፋል። ደግሞ ባለ አንድ ቺፑን ሲያዩ፣ ዓይናቸውን ቶሎ ባዞሩ ቁጥር የቀስተ ደመና ብልጭታ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። አንዷ እኔ ነኝ። ያናድዳል።

አሁን ወደ ሳሎናችሁ ልምጣ። ሲኒማ ቤት ውስጥ የምታየው በጣም ደማቅ ነጭ፣ በደረጃው መሠረት 48 ኒት ነው። ኒት የስክሪን ድምቀት የሚለካበት ነው። መብራት በበራበት ሳሎን ውስጥ ነጩ ስክሪን ላይ 150 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን የሚለካበት ነው) ያህል ብርሃን ቢያርፍ፣ ስክሪኑ ያለ ምንም ፊልም በዚያው 48 ኒት አካባቢ ያበራል። ገባህ አይደል? ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ የሲኒማ ቤት ነጭ ያህል ይበራል ማለት ነው። ምርጡ ማሽንም ይህን አይቀይረውም። ብርሃን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አምፖሏ አንድ ብትሆንም፣ ያንን ሁሉ ወጪ ሜዳ ታስቀረዋለች።

አምፖሏ ደግሞ የእማዬ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ አንተ ፊልም ስታይ እሷ አጠገብህ ሹራቧን ትሠራለች። የሹራቡን ዓይን የምትቆጥረው በዚያች ጥግ ባለች መብራት ነው። እስቲ አስበው፣ «መብራቱን አጥፊው» ልትላት ነው? እሺ ትልሃለች፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ሹራቡን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ መኝታ ቤት ቁጭ ብላ መሥራት ትጀምራለች፣ አንተም ብቻህን ሻማ የያዘችውን ሴትዮ ታያለህ።

መብራት ማጥፋትም ብቻውን አይበቃም። የባልደረባዬ ክፍል ግድግዳውም ጣሪያውም ጥቁር ግራጫ ነው። ነጭ ግድግዳ ከስክሪኑ የመጣውን ብርሃን መልሶ ስክሪኑ ላይ ይደፋዋል። የእናንተ ሳሎን ደግሞ ከነጣሪያው ወተት የመሰለ ነጭ ነው።

ስለ ዓይንህም ልናገር፣ አትቀየመኝ። ሐኪሙ የሞራ ግርዶሽ ጀምሮሃል ብሎህ የለ? ሞራ ብርሃን ይበትናል፣ ጥቁርና ነጭን ያቀራርባል። ውዱን ዕቃ ውድ ያደረገው ልዩነት፣ አንተ ዓይን ጋ ሲደርስ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮህን አታሳልፍ። መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ ፕሮጀክተር።

«ርካሹን ልግዛና ልሞክረው» እንዳትል ደግሞ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚል በትልቁ ተጽፎበት ነበር። ለካ 4ኬ ቪዲዮ ይቀበላል ማለት ነው እንጂ የራሱ ቺፕ 1280 በ720 ነው! እውነተኛው 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ የእኔው አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ሉመኑም፣ ማለት የሚረጨው ብርሃን መጠን፣ የፈጠራ ድርሰት ነበር። አንሲ ሉመን፣ ማለት በታወቀ ደረጃ የተለካ ሉመን፣ ብሎ ያልጻፈልህን ቁጥር አትመን። አሁን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል።

ዕድሜው ላይ ግን ልክ ነህ። ብርሃናቸው ከሌዘር የሚመጣው ፕሮጀክተሮች ዕድሜ 20,000 ሰዓት ይባላል፤ በቀን አራት ሰዓት ብታየው ከ13 ዓመት በላይ ነው። «እኔን ይቀብረኛል» ብለህ ልትቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። አትቀልድ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። ለሳሎኑ ከሆነ አይሆንም፣ አትግዛው። ትልቅ ቴሌቪዥን ግዛ፤ መብራት በርቶም ያምራል፣ እማዬም ከቦታዋ አትነሳም። ከተረፈህ ገንዘብ ጥሩ ስፒከር ጨምርበት፣ በተለይ ንግግሩ የሚወጣበትን የመሃሉን። ፊልም በመጣ ቁጥር «ምን አለ? ምን አለ?» እያልክ እማዬን የምትነዘንዛት ምስሉ ስላነሰህ አይደለም።

የእኔን ክፍል ልትለቅለት ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። መስኮቱ አንድ ነው፣ ወፍራም መጋረጃ ይበቃዋል። ቀለሙን እኔ መጥቼ እቀባዋለሁ። እዚያ ውስጥ ያ ማሽን ዋጋውን ያወጣል፣ አልክድህም። ግን ከመጋረጃውና ከቀለሙ በፊት እንዳይገዛ።

እስቲ በዚህ ሳምንት ሁለት ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍታችሁ ባላችሁ ቴሌቪዥን ሙሉ ፊልም እዩ። ፊልሙን ሳይሆን እማዬን ነው የምትጠብቃት። የት እንደተቀመጠች፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየች ንገረኝ። አንተም በሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ከወሰደህ ሳትደብቅ ንገረኝ።

ከዚያ የክፍሌን ርዝመት ከበሩ እስከ መስኮቱ ለክተህ ላክልኝ። ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አሰላልሃለሁ። ሜትሩ የልብስ ስፌቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስትለካ የመጽሐፎቼን ካርቶኖች ገፋ አድርጋቸው እንጂ አታውጣቸው፣ መጥቼ ራሴ አነሳቸዋለሁ።

ልጅህ