ስለ አኒሜዋ ልጅና ስለ ሥዕለ አድኅኖው ግድግዳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እዚህ ባሕር ዳር በልጃቸው መኝታ ክፍል መደርደሪያ ላይ የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ገጸ ባሕርይ ሥዕል ከነጨርቁና ከነመብራቱ ያዩ ወላጆች «ልጄ ጣዖት ማምለክ ጀመረ» ብለው ወደ ንስሐ አባት ይሮጣሉ። አይፈረድባቸውም፤ በብዙ ቤት እንዲህ ተከብሮ የሚቀመጥ ሥዕለ አድኅኖ ብቻ ነው። እኛ አኒሜን በቅርብ የምንከታተል ሰዎች ግን ወላጅ ከመደርደሪያው ይልቅ ስልኩን እንዲያይ እንመክራለን።

በተመልካቾች ዘንድ «አምላክ» ከተባሉት የአኒሜ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ስሟ የገነነው ሐሩሂ ሱዙሚያ ናት። አኒሜው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ የተመኘችው ነገር ዓለምን ይለውጣል፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም። አምላክ ሳትሆን አትቀርም የሚል ድርጅት ራሱ ታሪኩ ውስጥ አለ፤ ተመልካቾች «ሐሩሂዝም» ያሉትን፣ እሷን እንደ አምላክ የሚያከብር የቀልድ ሃይማኖት የፈጠሩት ይህን ይዘው ነው። 14ቱ ክፍሎች በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ስላልተላለፉ የቱ ይቅደም የሚለው ክርክር እንደ ሃይማኖት ክርክር ከረረ። ከእሷ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ሌይን፣ በኋላም በ2011 ማዶካ የተባሉት ገጸ ባሕርያት በየራሳቸው አኒሜ መጥተዋል። ማዶካ በመጨረሻው ክፍል ሥጋዋን ትታ የዓለም ሕግ ትሆናለች። አብዛኛው ተከታይ ይህን ሲያከብር ልብ ወለድ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል።

መደርደሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። በገጸ ባሕርይዋ ቀለም የተመረጠ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ከኋላ በፎቶ ወረቀት የታተመ ኤ4 ሥዕል፣ ከፊት ደግሞ 57 ሚሊ ሜትር ባጆች (ሥዕል ያለባቸው ክብ የደረት ምልክቶች) እና የፕላስቲክ ምስል ይቀመጣሉ። በልደቷ ቀን ኬክ ይጨመራል። በኮምፒውተር ድምፅ የምትዘፍነው የጃፓኗ ገጸ ባሕርይ የሐትሱኔ ሚኩ ልደት ነሐሴ 25 ላይ ስለሚውል በክረምቱ እርጥበት ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ሙጫውም ይለቃል፤ ሥዕሉን ፕላስቲክ ውስጥ ማሸግ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ሥዕል ቀዩና ቢጫው ቀድሞ ይጠፋና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። የፕላስቲክ ምስሉ እጅ ላይ መጣበቅ ከጀመረ፣ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የተጨመረው ኬሚካል በሙቀትና በመታፈን ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ለብ ባለ ውኃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ አየር የሚያገኝበት ቦታ ማድረቅ ነው። አልኮል ቀለሙን ያነሣዋል።

መብራት ሲጠፋ ግን ሻማ ወይም ጧፍ እዚያ ላይ እንዳይበራ! ጨርቁ፣ ወረቀቱና ፕላስቲኩ በአንድ ጊዜ ይያያዛሉ። በባትሪ የሚሠራ አምፖል ይበቃል። ልጆችም፣ የገጸ ባሕርይዋን ሥዕል ከሥዕለ አድኅኖው ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ አታድርጉ፤ እናትን ማስቀየም ነው።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ጌንሺን ኢምፓክትን በመሰሉ የስልክ ጌሞች (ጨዋታዎች) የተፈለገችው ገጸ ባሕርይ የምትገኘው በዕጣ ነው። ባለአምስት ኮከብ፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ፣ የመውጣት ዕድሉ በአንድ ዕጣ 0.6 በመቶ ሲሆን፣ በ90ኛው ዕጣ አንድ ባለአምስት ኮከብ ይረጋገጣል። እሱም ሌላ ገጸ ባሕርይ ሊሆን ስለሚችል፣ የፈለጓትን በእርግጠኝነት ለማግኘት እስከ 180 ዕጣ ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ዕጣ በጌሙ ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለውን ዕንቁ 160 ይበላል፤ 180ው 28,800 ማለት ነው። ዕጣ ከማውጣታቸው በፊት ሥዕሏን አቁመው ሰዓት የሚመርጡ አሉ። ዕጣውን የሚያወጣው የኩባንያው ሰርቨር ስለሆነ ሥርዓቱ ምንም አይለውጥም፤ ገንዘቡ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ወላጅ «ታመልካታለህ ወይ?» ከሚል «ስንተኛው ዕጣ ላይ ነህ? ስንት ብር ከፈልክ?» ብሎ ይጠይቅ። ዕንቁውን በቴሌግራም የሚሸጥ ደላላ የይለፍ ቃል ከጠየቀም አካውንቱን ሊወስደው ነው።

ሌላው የሚያሳስበን ልጆቹ የሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ነው። አባላቱ የሚቀልዱበትና በግልጽ የሚከራከሩበት ከሆነ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ፈቃዷን የማውቀው እኔ ነኝ» ካለ፣ መዋጮ ከጠየቀ፣ የልጆችን ፎቶ ከፈለገ ወይም «ለቤተሰብ አትንገሩ» ካለ ግን ያን ቀን መውጣት ነው። ከመውጣት በፊት የንግግሩን ስክሪንሹት ማስቀረት ያስፈልጋል፤ መልእክቱን የላከው ሰው ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል።

የአኒሜ ተከታታዮች፣ ከባሕር ዳር