የግቢዬ ሣር የደረቀው ውሃ አጥቶ አይደለም

ለጋዜጣችሁ አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከመተሐራ ነው። አምና ከአዲስ አበባ ለምለም ሣር አስመጥቼ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ተከልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላው የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ መሃል መሃሉ እየተራቆተ ሄደ። የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው «ውሃ ጨምሪለት» አለኝ። ጨመርኩ፤ ጠዋትም ማታም፣ ከጉድጓድ እየቀዳሁ። ባሰበት። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ተነስንሷል። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት። ጨው ነው!

ለካ ውሃ ባጠጣሁ ቁጥር ጨውም አብሬ እየጨመርኩ ኖሯል። ውሃው በዚህ ፀሐይ ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ጨው የበዛበት አፈር ውሃውን ለሥሩ አይለቅም፣ ስለዚህ ሣሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ አፈሩን ያደድረዋል፤ ውሃ ሲፈስበት ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ አይሰርግም።

እዚሁ መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ ለሚያውቅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ ውሃው ጨዋማ ነው፣ ዙሪያውን የነበረውን ግጦሽም በልቶታል።

ግን አጥሩ ሥር ማንም ያልተከለው ሰርዶ አለ፣ ያው መንገድ ዳር የምንረግጠው። እሱ አልሞተም! ሰርዶ የአፈሩ ጨው እስከ 6.9 ዴሲሲመንስ በሜትር (የአፈር ጨዋማነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጨው በዛ ማለት ነው) ድረስ ቢደርስ እድገቱ እምብዛም አይቀንስም። ክሎቨር፣ ማለትም የደጋው ማገጥ ዘመድ፣ ገና 1.5 ላይ መድከም ይጀምራል። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

እባካችሁ ስለዚህ ነገር ጻፉ። ሰው ብሩን ከማፍሰሱ በፊት አፈሩንና የጉድጓዱን ውሃ ያስመርምር፣ ሣር የሚሸጡ ሰዎችም ደንበኛው የት እንደሚተክለው ይጠይቁ። መውጫ ቦይ በሌለበት ውሃ መጨመር ጨው ማጠራቀም ነው። ሶዲየም ለበዛበት አፈር ጂፕሰም የሚባለው ካልሲየም ያለበት ማዕድን ይረዳል፣ እሱም ቢሆን ጨውን አጥቦ የሚያወርድ ጥሩ ውሃ ይፈልጋል።

እኔ አሁን በታች በኩል ቦይ አስቆፍሬያለሁ። ሰርዶውን ከአጥሩ ሥር እየነቀልኩ፣ በስንዝር በስንዝር መሃል ላይ እየተከልኩት ነው። ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ሥር ይዟል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከመተሐራ