ከመፈረምሽ በፊት ቁጠሪ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እማማ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ዘመን ሆነ! ያንቺም ስልክ ተቀየረ፣ የኔም ተቀየረ፣ በሰው በሰው "ደህና ናት" እየተባባልን ከረምን። ሰሞኑን አብራን የተማረች ልጅ መርካቶ አገኘችኝና ያንቺን ነገር አጫወተችኝ። አፋር ገብተሽ ስትሠሪ ቆይተሽ፣ አሁን ከፋርማሲው መስኮት ተነስተሽ የሆስፒታሉ መድኃኒት ስቶር ኃላፊ ልትሆኚ ነው አለችኝ። ርክክቡም በዚህ ወር መጨረሻ ነው አለች። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ስጋት ያዘኝ። የምንጨዋወተው ብዙ ነገር አለ፤ ስለ ልጆቹ፣ በመሃል ስላጣናቸው ሰዎች። እሱን በስልክ እናወራዋለን። ይሄኛው ግን ቀን ተቆርጦለታልና በጽሑፍ ይድረስሽ ብዬ ነው።

ዋናውን ላስቀድም። ሳትቆጥሪ እንዳትፈርሚ። የሚያስረክብሽ ሰው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ አለቃሽ የቱንም ያህል ቢያጣድፍሽ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይንሽ ሳታዪ ፊርማሽን አታሳርፊ። "እኛ ጋ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው፣ እንተማመን እንጂ" ይሉሻል። እመኚያቸው፤ ግን ቁጠሪ። ከፈረምሽ በኋላ የሚገኘው ጉድለት ያንቺ ነው። ያኔ "ስረከብም ጎድሎ ነበር" ብትዪ ማስረጃ የለሽም። ዋስ የሆነልሽም ሰው አብሮሽ ይጨነቃል።

አስረካቢው፣ አንቺ፣ ከንብረት ወይም ከፋይናንስ ክፍል የተመደበ ሰው፣ ሦስታችሁም ባላችሁበት ይቆጠር። እስኪያልቅ ድረስ ገቢም ወጪም ይቁም። ለድንገተኛ የሚያስፈልገው አስቀድሞ ወጥቶ ለፋርማሲው ይሰጥ። ከዚያ ከአንዱ ጥግ ተነስታችሁ መደርደሪያ ሳትዘሉ ሂዱ። የቆጠራችሁትን ከቢን ካርዱ፣ ማለትም መድኃኒቱ አጠገብ ከሚቀመጠው መዝገብ፣ ቢን ካርዱን ደግሞ ቢሮ ከሚቀመጠው ስቶክ ካርድ ጋር አስተያዩ። ካልገጠሙ ልዩነቱ እንዳለ ይጻፍ። "በኋላ እናስተካክለዋለን" የሚለውን አትቀበዪ። ከፊት ያሉት ካርቶኖች ሙሉ፣ ከኋላ ያሉት ባዶ የሆኑበት ክምር በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የታሸገውንም ቢሆን አንሺው፣ ክብደቱን እጅሽ ይወቀው። የተከፈተውን ደግሞ ውስጡን ቁጠሪ። ጊዜው ያለፈበት ካለ ለብቻው ተለይቶ፣ ተዘርዝሮ ትረከቢያለሽ፤ ከደህናው ጋር ተደምሮ አይደለም።

መለኪያውንም እንዳትረሺ። ካርዱ ላይ "ፓራሲታሞል፣ 200" ተብሎ ይጻፋል። 200 ምኑ? ፍሬ ነው ወይስ ፓኬት? ፓኬቱ 100 ፍሬ የሚይዝ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 19,800 ክኒን ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ጉድለቶች ብዙዎቹ ስርቆት አልነበሩም። አንዱ በፓኬት ያስገባውን ሌላው በፍሬ ሲያወጣ የተፈጠሩ ናቸው። ሌባ ተብሎ የተጠረጠረው ሰው ግን ስሙ እንደጠፋ ቀረ። ለዚህ ነው ይሄን ነገር አጥብቄ የምልሽ።

የቀን አቆጣጠሩም እኛ አገር ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የገቢና የወጪ ቅጹን፣ ሞዴሉን፣ የምንጽፈው በኛ ቀን ነው፤ መድኃኒቱ ላይ የታተመው ግን የፈረንጅ ነው። 06/2026 የሚለውን አንዱ ቀይሮ "ሰኔ 2018" ብሎ ይጽፋል። ሌላው እንዳለ ይገለብጠዋል። ሦስተኛው 06ን የካቲት ብሎ ያነበዋል። እንግዲህ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሦስት ማብቂያ ቀን ኖረው ማለት ነው። ካርድሽ ላይ ማሸጊያው ላይ እንደታተመው ብቻ ይጻፍ፣ አጠገቡም "እ.ኤ.አ." ይባልበት። ባች ቁጥሩም፣ አብሮ የተመረተው መድኃኒት የጋራ መለያ፣ አይቅር። አንድ ቀን "ይህ ባች ችግር ተገኝቶበታልና ሰብስቡ" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ለማን እንደሰጠሽ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው።

ከተረከብሽ በኋላ ዓይንሽን በሩ ላይ አድርጊ። በር ላይ ያለፈ ስህተት ውስጥ ገብቶ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። መኪናው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ሹፌሩ "እህቴ፣ ፈርሚልኝና ልሂድ፣ ሳይመሽብኝ" ይልሻል። እውነቱን ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው። ውሃ ስጪው፣ ጥላ ስር አስቀምጪው፣ ግን አትቸኩዪ። መጀመሪያ ቅዝቃዜ የሚፈልገው ይውረድና በቀጥታ ማቀዝቀዣ ይግባ። ከዚያ ብዛቱን፣ ባቹን፣ ማብቂያውን፣ የተጎዳ ካርቶን መኖር አለመኖሩን እዪ። የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ የሚቆረጠው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰነዱ ላይ ያለውና የወረደው ካልገጠመ እዚያው ሹፌሩ ፊት ተጽፎ እሱም ይፈርምበት።

ጫኝና አውራጆቹን አክብሪያቸው። የትኛው ካርቶን እንደረጠበ፣ የትኛው እንደወደቀ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በስማቸው የምትጠሪያቸው ከሆነ ይነግሩሻል። የምትጮኺባቸው ከሆነ የተሰበረውን ከታች አድርገው ደህናውን ይከምሩልሻል።

አደራደሩን አላስረዝምም። ካርቶን ከወለል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳና ከሌላ ክምር 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ክምሩ ከ2.5 ሜትር አይብለጥ። ቀድሞ የሚያበቃው ከፊት ሆኖ ቀድሞ ይውጣ። ቀድሞ የገባው አላልኩሽም፤ ትናንት የመጣው ከአምናው በፊት የሚያበቃበት ጊዜ አለ።

አፋር ላይ ግን ሙቀቱ ዕለት ዕለት የምትታገዪው ነገር ነው። ብዙው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ተጽፎበታል። ቴርሞሜትሩን በር አጠገብ አትስቀዪው። ሙቀቱ የሚበረታው ከጣሪያው በታች፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነውና እዚያ ይሁን። ጠዋትና ከሰዓት እያነበብሽ መዝግቢ። አየር ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ሲቀር "ይሞቃል" ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይሰማሽም። የሁለት ወር መዝገብ አያይዘሽ ስትጽፊ ግን ደብዳቤሽን ወደ ጎን ለማድረግ ይከብዳቸዋል።

ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ታውቂያለሽ። መስኮቱ ላይ ሆኖ ማወቅና ቁልፉን ይዞ መጠየቅ ግን ይለያያል። ሰው ሙቀትን ይፈራል፣ በረዶን ይንቃል። ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ አበቃለት። የሄፓታይተስ ቢ፣ የቴታነስና የፔንታቫለንት ክትባትም እንደዚያው ነው። ቢቀልጥ አይድንም፤ መልኩ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። ከማቀዝቀዣው ኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ብልቃጥ እንዳይኖር። የሠራተኛ ምሳና የውሃ ጠርሙስ ደግሞ እዚያ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል። መብራት ሲጠፋም በሩን አትክፈቺው። ኦክሲቶሲን ሙቀት ሲነካው ኃይሉ ይደክማል። የወለደች እናት ደም አልቆም ሲላት የሚሰጣት እሱ ነው። እኔ ፍሪጅ በዘጋሁ ቁጥር የማስበው እሷን ነው።

የመድኃኒት ጥያቄ ስታዘጋጂ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ትልኪያለሽ፤ እጅሽ ላይ ከሁለት ወር ያላነሰ፣ ከአራት ወር ያልበለጠ እንዲኖር ታሰያለሽ። ስሌቱ የሚነሳው ከወጣው መጠን ነው። ግን መድኃኒቱ ጭራሽ ያልነበረባቸውን ቀናትስ? በስድስት ወር 600 ፓኬት ወጣ እንበል። ለስድስት ስታካፍዪው በወር 100 ይሆናል። ከስድስቱ ወር ሁለቱን መድኃኒቱ አልቆ ከነበረ ግን እውነተኛው ፍላጎት በወር 150 ነው። 100 ብለሽ ከላክሽ እንደገና ያልቅብሻል፣ በሚቀጥለውም እንደዚያው። በወረቀት ላይ የማያስፈልግ ይመስላል፤ በሽተኛው ግን ከውጭ እየገዛ ነው፣ ወይም ሳይገዛ እየቀረ ነው። ያለቀበትን ቀን ካርዱ ላይ መጻፍ ልማድ አድርጊ። የወባውንም ወቅት አትርሺ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ሕመምተኛው ይበዛል፤ የወባው መድኃኒት ኮአርተምና የመመርመሪያ ኪቱ ከዚያ በፊት እጅሽ መግባት አለበት።

ኮምፒውተሩ ይረዳሻል፤ የክምችት መመዝገቢያ ፕሮግራሙን፣ ዳጉን፣ ቶሎ ልመጂው። ግን የሚነግርሽ ያስገባሽለትን ነው። በየሳምንቱ ጥቂት መድኃኒቶች መርጠሽ ራስሽ ቁጠሪ፣ ከስክሪኑ ጋር አስተያዪ። የዓመቱን መዝጊያ ቆጠራ፣ ሰኔ 30ን፣ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይሄ ሁሉ ይለመዳል። የማይለመደው ሰውን እምቢ ማለት ነው። አለቃ ስልክ ደውሎ "ስጪው፣ ወረቀቱ ነገ ይመጣል" ይልሻል። የምትወጃት ጓደኛ "ለእናቴ ሁለት ፓኬት ብቻ" ትልሻለች። አንቺን አውቅሻለሁ፣ ሰው ፊት ሲጠቁር አትችዪም። እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። ደንቡን ለሁሉም እኩል ካደረግሽው ሰው አይቀየምሽም። የሚቀየምሽ ለአንዱ ሰጥተሽ ለሌላው ስትከለክዪ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያለ ወጪ ደረሰኝ፣ ያለ ሞዴል 22፣ አንድ ብልቃጥ ከበሩ አይውጣ። ለዋና ሥራ አስኪያጁም ይሄው ነው። በትሕትና "ጌታዬ፣ ወረቀቱን አሁኑኑ አብረን እንሙላው፣ ሁለት ደቂቃ ነው" በዪ። እውነትም ሁለት ደቂቃ ይሁን። ስቶር የሚጠላው ወረቀት ስለሚጠይቅ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣውን ሰው ግማሽ ቀን ስለሚያቆም ነው።

ሌሊቱንም አስቢበት። ነርሷ በእኩለ ሌሊት ለነፍሰ ጡር መንቀጥቀጥ የሚሰጠውን ማግኒዥየም ሰልፌት ፈልጋ ስቶሩ ተቆልፎ ካገኘችው ጥፋቱ የሷ አይደለም። ለተረኛው ፋርማሲስት የድንገተኛ ቁም ሳጥን ይኑር፤ ዝርዝሩ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ጠዋት ጠዋት የወጣው እየተፈረመ ይተካ። እንዲህ ካደረግሽ ደንቡንም አትጥሺም፣ ሰውም አይጎዳብሽም።

በይ እንግዲህ፣ ስልኬን ለዚያችው ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ ከሷ ተቀበዪ። ለርክክቡ ስንት ቀን እንደተሰጠሽ ዛሬውኑ ጠይቂ። አንድ ቀን ነው ካሉሽ አይበቃም፤ ተጨማሪ ቀን በደብዳቤ ጠይቂ፣ ደብዳቤውን አብረን እናረቀዋለን። እማማን ሳሚልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ